ጨለማ ቁስ ለ91 ኪሎ ሜትሩ ዋሻ ማስያዣ ሊሆን አይገባም

የአውሮፓ መንግሥታት በ2028 ገደማ አንድ ከባድ ውሳኔ ይጠብቃቸዋል። ጄኔቫ አጠገብ ያለው የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከል ሰርን አሁን ከሚጠቀምበት 27 ኪሎ ሜትር ዋሻ ሌላ፣ ዙሪያው 91 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ አዲስ ዋሻ በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ምድር ሥር መቆፈር ይፈልጋል። በ2025 የወጣው የአዋጭነት ጥናት የመጀመሪያውን ምዕራፍ ወጪ 15 ቢሊዮን የስዊዝ ፍራንክ ገምቶታል። ሥራ ይጀምራል የተባለው በ2040ዎቹ መጨረሻ ነው። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ሁሉ ገንዘብ ለምን? ተብሎ ሲጠየቅ ከሚሰጡት መልሶች ውስጥ ለጋዜጣ ርዕስም ለፖለቲከኛ ጆሮም በጣም የሚጥመው ጨለማ ቁስ ነው። የማይታየው፣ ከሚታየው ቁስ በአምስት እጥፍ የሚበልጠው፣ ጋላክሲዎችን አቅፎ የያዘው ነገር። ማን አይጓጓም? አሁን ያለው ማሽን፣ ማለትም ላርጅ ሃድሮን ኮላይደር ወይም በአጭሩ ኤል ኤች ሲ፣ ሊገነባ ሲል የተሰማው ተስፋም ይኸው ነበር። ማሽኑ ፕሮቶን ማጋጨት ከጀመረ ከ15 ዓመት በላይ ሆነው። ጨለማ ቁስ አልተገኘም።

አለመገኘቱ ነውር አይደለም። ነውር የሚሆነው ያው ተስፋ ታጥቦና ተተኩሶ ለአዲሱ ዋሻ ገንዘብ መጠየቂያ ሲቀርብ ነው። አዲሱ ማሽን የሚያስፈልግበት በቂ ምክንያት ሊኖር ይችላል። ያ ምክንያት ግን ጨለማ ቁስ አይደለም።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ወደ 1933 መመለስ ያስፈልጋል። ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ፍሪትዝ ዝዊኪ ኮማ የሚባለውን የጋላክሲዎች ክምችት ሲያጠኑ፣ ጋላክሲዎቹ የሚሮጡበት ፍጥነት በቴሌስኮፕ ከሚታየው ቁስ ስበት ጋር አልጣጣም አላቸው። በዚያ ፍጥነት ክምችቱ ድሮ ተበትኖ ማለቅ ነበረበት። አንድ የማይታይ ነገር ይዞታል አሉ። ለብዙ ዓመታት ከቁም ነገር የቆጠራቸው ሰው ጥቂት ነበር። በ1970 አሜሪካዊቷ ቬራ ሩቢን ከባልደረባቸው ከኬንት ፎርድ ጋር የአንድሮሜዳን ጋላክሲ ሽክርክሪት ለክተው አሳተሙ፤ ከማዕከሉ ርቀው ያሉት የጋላክሲው ክፍሎች ቀስ ማለት ሲገባቸው ቀስ አላሉም። ከዚያ ወዲህ ማስረጃው ከየአቅጣጫው ተከማችቷል። በዛሬው ስሌት ከዋክብቱ፣ ፕላኔቱ፣ ድንጋዩና ሰዉ ተደምረው ከአጽናፈ ዓለሙ 5 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው፤ ጨለማ ቁስ 27 በመቶ ገደማ ይይዛል። የቀረው ጨለማ ኃይል የሚባል ሌላ፣ የባሰ እንቆቅልሽ ነው። (ሩቢን በ2016 መጨረሻ ሲያርፉ የኖቤል ሽልማት አልተሰጣቸውም ነበር። የሽልማቱ ኮሚቴ ከሚወቀስባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው፤ ሲያንሰው ነው።)

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ይህ ሁሉ ማስረጃ የስበት ማስረጃ መሆኑ ነው። ጨለማ ቁስ ምን እንደሚያደርግ ይታወቃል፤ ከምን እንደተሠራ ግን አንድም ሰው አያውቅም። ቅንጣት ነው የሚለው ራሱ፣ ጠንካራ ቢሆንም፣ ግምት ነው።

ታዲያ በማጋጫ ማሽን እናገኘዋለን የሚለው ሐሳብ ከየት መጣ? ከአንድ ማራኪ ግጥጥሞሽ። አዲሱ ቅንጣት ከፕሮቶን መቶ እጥፍ ገደማ ቢከብድና ከሌላው ቁስ ጋር የሚገናኘው ደካማ በሚባለው የተፈጥሮ ኃይል ቢሆን፣ ከታላቁ ፍንዳታ በኋላ ሳይጠፋ የሚተርፈው መጠን ዛሬ ሰማይ ላይ ከሚለካው ጋር ይቀራረባል። ፊዚሲስቶች ይህን ግጥጥሞሽ ተአምር ብለው እስከመጥራት ደረሱ። ሱፐርሲሜትሪ የሚባለው ንድፈ ሐሳብ ደግሞ ለሌላ ችግር መፍትሔ ሲፈልግ ልክ እንዲህ ያለ ቅንጣት በምርቃት መልክ ያመጣ ነበር። የሚፈለገው ክብደት ደግሞ ኤል ኤች ሲ ይደርስበታል በተባለው ክልል ውስጥ ወደቀ። በ2008 ተስፋ ያደረገ ሰው ሞኝ አልነበረም። በዚያን ጊዜ ተስፋ አለማድረግ ነበር የሚያስገርመው።

ፍለጋው ራሱ እንዴት እንደሚካሄድ ብዙ ጊዜ አይነገርም፤ የሚያምረው ክፍል ግን እሱ ነው። የማይታይ ነገር በማሽን አይታይም። የሚታየው ጉድለቱ ነው። አንድ ባለሱቅ ማታ ሂሳብ ሲዘጋ የሚያደርገውን ያስቧል። የገባው ይህን ያህል፣ የወጣው ይህን ያህል፣ መሳቢያው ውስጥ መኖር ያለበት ይህን ያህል። ከጎደለ አንድ ሰው ወስዶታል፤ ሲወስድ ባይታይም።

ሁለት ፕሮቶኖች ፊት ለፊት ሲላተሙ ወደ ጎን የሚሄድ እንቅስቃሴ የላቸውም። ስለዚህ ከግጭቱ በኋላ ወደ ጎን የተረጨው ሁሉ ሲደመር እርስ በርሱ ተጣፍቶ ዜሮ መምጣት አለበት። ወደ ግራ የሄደ ካለ ያንኑ ያህል ወደ ቀኝ የሄደ መኖር አለበት። አሁን ወደ አንድ ወገን ኃይለኛ የቅንጣት ጅረት ተረጭቶ በተቃራኒው በኩል ባዶ ቢሆንስ? አንድ ነገር ምንም አሻራ ሳይተው አምልጧል ማለት ነው። ይህን ሂሳብ የሚይዙት ሁለቱ ትላልቅ መመርመሪያዎች አትላስና ሲ ኤም ኤስ ይባላሉ። አትላስ 46 ሜትር ርዝመትና 25 ሜትር ቁመት አለው፤ ሲ ኤም ኤስ በመጠን ቢያንስም 14,000 ቶን ይመዝናል። ይህ ሁሉ ብረትና ሽቦ አንድ ሥራ አለው፦ አንድም ነገር ሳይቆጠር እንዳያልፍ።

የባለሱቁ ችግር ግን የታወቀ ሌባም ያለ መሆኑ ነው። ኒውትሪኖ። ኒውትሪኖዎች ከጥንት የሚታወቁ፣ ግን መመርመሪያውን ሰንጥቀው ያለ አሻራ የሚያልፉ ቅንጣቶች ናቸው። ዜድ ቦዞን የሚባለው ቅንጣት ሲበታተን አምስት ጊዜ ከተበታተነ አንዱን ገደማ ወደ ኒውትሪኖዎች ነው፤ ያኔ መሳቢያው ጎድሎ ይገኛል፣ ጨለማ ቁስ ግን አልነበረም። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ የታወቀው ሌባ በየቀኑ ስንት እንደሚወስድ በጥንቃቄ ያሰላሉ። ዜድ ወደሚታዩ ኤሌክትሮኖችና ሙዮኖች ሲበታተን ይቆጥራሉ፤ ከዚያ በመነሳት ወደማይታዩት ስንት ጊዜ መበታተን እንዳለበት ያወጣሉ። የሚፈለገው ከዚያ የሚተርፍ ጉድለት ነው። የዓመታት ድካም የሚያልቀው እዚህ ነው፤ ተስፋ ሰጪውን ነገር በመፈለግ ሳይሆን የታወቀውን በመቶኛ ክፍልፋይ ደረጃ በማጥራት።

ሌላም ጣጣ አለ። የፕሮቶን ጥቅሎቹ በሴኮንድ 40 ሚሊዮን ጊዜ ይተላለፋሉ። ያን ሁሉ መመዝገብ የሚችል ኮምፒውተር የለም። ስለዚህ ፈጣን ማጣሪያ በየሴኮንዱ ጥቂት ሺህ ክስተቶችን ብቻ አስቀርቶ የቀረውን ይጥላል። የተጣለው ተመልሶ አይገኝም። ማጣሪያው ምን ያስቀር የሚለው ደግሞ የሚወሰነው ሰዎች ምን እንጠብቃለን ባሉት ነው። ያልጠበቁት ዓይነት ነገር ለዓመታት በዓይናቸው ሥር እያለፈ ሊሆን ይችላል። ዛሬ ብዙ ወጣት ተመራማሪዎች የተሰማሩት ይህን ማጣሪያ በማሻሻል ላይ ነው፤ የዋሻውን ያህል ዜና ባይሆንም።

ውጤቱስ? እስካሁን ሂሳቡ ይዘጋል። ጉድለቱ ሁሉ የታወቀው ሌባ ነው። በሚታየውና በጨለማው ቁስ መካከል ደላላ ሆኖ የሚያገለግል ቅንጣት ይኖራል ተብሎ የተገመተባቸው ቀላል ሞዴሎች፣ በአንዳንዶቹ ግምቶች እስከ 2 ቴራ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ድረስ ተዘግተዋል፤ ይህ ከፕሮቶን ክብደት ሁለት ሺህ እጥፍ በላይ ነው። ሂግስ ቦዞን ወደማይታይ ነገር የሚበታተንበትን ዕድልም ለክተዋል፤ አትላስ በ2023 ያወጣው ገደብ ከ11 በመቶ አይበልጥም የሚል ነው። ሱፐርሲሜትሪ ቃል የገባቸው ቅንጣቶች አንዳቸውም ብቅ አላሉም።

በመካከል አንድ የሚያስቅ ነገር ተከስቷል። በ2015 ማብቂያ ሁለቱም መመርመሪያዎች በ750 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ትንሽ ጉብታ የመሰለ ነገር አዩ። በጥቂት ወራት ውስጥ ጉብታው ምን እንደሆነ የሚያብራሩ 500 ያህል የንድፈ ሐሳብ ጽሑፎች ወጡ፤ አንዳንዶቹ ከጨለማ ቁስ ጋር አገናኙት። በነሐሴ 2016 ተጨማሪ መረጃ ሲመጣ ጉብታው ጠፋ። የቁጥር ግርግር ነበር። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ነው ነገሩ። ለሙከራዎቹ ሰዎች ግን ምስጋና ይገባል፤ እነሱ ጉብታ አየን እንጂ ቅንጣት አገኘን አላሉም።

ይህን ሁሉ ሰምተው "እንግዲህ ማሽኑ ከሽፏል" የሚሉ አሉ፤ ይህም ስህተት ነው። በር መዝጋት ሥራ ነው። ከ15 ዓመት በፊት በጣም የሚታመኑ የነበሩ መልሶች ዛሬ አይታመኑም፤ ያን ማወቅ የተቻለው ስለተፈለገ ብቻ ነው። ኤል ኤች ሲ በ2012 ሂግስ ቦዞንን አግኝቷል፤ የተገነባበትን ዋና ዕዳ ከፍሏል።

ክርክሩ የሚጠብቀውም እዚህ ላይ ነው። ሂግስና ጨለማ ቁስ አንድ ዓይነት ተስፋ አልነበሩም። የሂግስ ጉዳይ ዋስትና ነበረው። የነበረው ስሌት ያለ ሂግስ ወደ ከፍተኛ ጉልበት ሲገፋ ከመቶ በመቶ የሚበልጥ ዕድል የሚሰጥ፣ ማለትም ትርጉም የለሽ፣ መልስ ያመጣ ነበር። ስለዚህ ወይ ሂግስ፣ ወይ በእሱ ቦታ ሌላ አዲስ ነገር፣ ማሽኑ በሚደርስበት ክልል ውስጥ የግድ መታየት ነበረበት። ገንዘብ ሰጪው ምንም ቢሆን ባዶ እጁን አይመለስም ነበር። ለጨለማ ቁስ እንዲህ ያለ ዋስትና የለም። ከኤሌክትሮን በቢሊዮኖች እጥፍ ከሚቀሉ አክሲዮን ከሚባሉ ቅንጣቶች ጀምሮ ገና ከጥንት እስከተፈጠሩ ጥቁር ጉድጓዶች ድረስ እጩው ብዙ ነው። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ማጋጫ ማሽን የሚደርስበት ክልል ጠባብ ቁራጭ ነው። መልሱ እዚያ ቁራጭ ውስጥ ይሁን የሚል የተፈጥሮ ሕግ የለም።

ይበልጥ የሚዘነጋ ሁለተኛ ነገር አለ። ነገ ጠዋት ሂሳቡ ባይዘጋና አዲስ ጉድለት ቢገኝ እንኳ ጨለማ ቁስ ተገኘ ማለት አይቻልም። ማሽኑ የሚያረጋግጠው አንድ የማይታይ ቅንጣት ከመመርመሪያው እስኪወጣ ድረስ መኖሩን ብቻ ነው። ይህ ከሴኮንድ ቢሊዮኛ ክፍልፋዮች የማይዘል ጊዜ ነው። ጨለማ ቁስ ደግሞ 13.8 ቢሊዮን ዓመት የኖረ መሆን አለበት። ከመውጫው በር አልፎ የሞተውንና እስከ ዛሬ የሚኖረውን ማሽኑ አይለይም። ማረጋገጫው ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት፤ ለምሳሌ በአሜሪካ ደቡብ ዳኮታ 1.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ከመሬት በታች 7 ቶን ፈሳሽ ዜኖን ይዞ ከሰማይ የሚመጣውን ቅንጣት ከሚጠብቀው ኤል ዜድ ሙከራ፣ ወይም በጣሊያን ግራን ሳሶ ተራራ ሥር ካለው ዜኖን ኤን ቲ። እነሱም እስካሁን የጨለማ ቁስ ቅንጣት አላገኙም። በሰርን የሚሠራ ፊዚሲስት ይህን ሁሉ ያውቃል፤ ቢጠየቅም አይደብቅም። ጥንቃቄው የሚተነው ወሬው ከቤተ ሙከራው ወደ መግለጫ፣ ከመግለጫው ወደ ጋዜጣ ርዕስ ሲሻገር ነው።

ወደ አዲሱ ዋሻ እንመለስ። 15 ቢሊዮን ፍራንኩ የሚገነባው ማሽን ምን ያጋጫል? ብዙ ሰው ከኤል ኤች ሲ የበለጠ ኃይል ያለው ይመስለዋል። አይደለም። የመጀመሪያው ምዕራፍ ኤሌክትሮንና ፖዚትሮን የሚያጋጭ ሲሆን የግጭቱ ጉልበት ከ91 እስከ 365 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ኤል ኤች ሲ ከ2022 ጀምሮ የሚሠራው በ13,600 ነው። ፕሮቶን ጉልበቱን ለውስጥ ክፍሎቹ ስለሚያካፍል ንጽጽሩ ቀጥተኛ ባይሆንም፣ አዲሱ ማሽን ከባድ አዲስ ቅንጣት ፈልፍሎ ለማውጣት የተሠራ አይደለም። ሥራው ትክክለኛነት ነው፤ በትሪሊዮን የሚቆጠሩ ዜድ ቦዞኖችንና ከሚሊዮን በላይ ሂግሶችን በንጹህ ሁኔታ ፈጥሮ ባሕርያቸውን ዛሬ በማይቻል ጥራት መለካት። ቀላልና በጣም ደካማ ግንኙነት ያላቸውን ስውር ቅንጣቶች የመፈለግ ዕድልም ይሰጣል።

ከባዱን ጨለማ ቁስ በቁም ነገር ሊፈትን የሚችለው በዚያው ዋሻ ውስጥ በሁለተኛው ምዕራፍ የሚታሰበው የፕሮቶን ማሽን ነው። ለእሱ ሲባል እውነቱ መነገር አለበት፤ ከዚያ የድሮ ግጥጥሞሽ ከተረፉት እጩዎች ቀላሎቹን ወይ ያገኛቸዋል ወይ ይዘጋቸዋል። ጥሩ ክርክር ነው። ነገር ግን ያ ማሽን የሚጠበቀው በ2070ዎቹ ነው፤ የሚፈልጋቸው ማግኔቶች ገና በሚፈለገው ብዛት ሊመረቱ አልቻሉም፤ ዋጋውም በ15 ቢሊዮኑ ውስጥ የለም። ዛሬ ግብር የሚከፍለው ሰው የሚገዛው አንዱን፣ በዓይነ ሕሊናው የሚሳልለት ሌላውን ነው። ላም አለኝ በሰማይ ይሏል እንዲህ ነው።

ትችቱ አዲስ አይደለም። ጀርመናዊቷ ፊዚሲስት ሳቢን ሆሰንፌልደር ንድፈ ሐሳብ ሠሪዎች ውበትን እንደ ማስረጃ መቁጠራቸውን፣ ትልቅ ማሽን መገንባቱም በዚህ ጊዜ ዋጋውን እንደማያወጣ ለዓመታት ሲሞግቱ ቆይተዋል። የመጀመሪያው ነጥባቸው ልክ ነው። ሁለተኛው ግን ይከበዳል። ሂግስ ከሌሎቹ ቅንጣቶች ሁሉ የተለየ፣ ገና በደንብ ያልተጠና ነገር ነው፤ እሱን በጥራት መለካት ራሱን የቻለ፣ ዋስትና ያለው ሥራ ነው። በዚያ ስም ገንዘብ መጠየቅ ይቻላል። ጥያቄው ደብዝዞ ይታይ ይሆናል፤ አምስት በመቶ የነበረን ልኬት ከአንድ በመቶ በታች እናወርዳለን የሚል ርዕስ ጋዜጣ አይሸጥም። ግን የማይፈጸም ቃል የለበትም።

የማይፈጸም ቃል ምን እንደሚያስከትል አሜሪካኖች ያውቁታል። በቴክሳስ ዋክሳሃቺ ከተማ አጠገብ 87 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያለው ማሽን ሊሠሩ ጀምረው፣ ወጪው ከ4.4 ቢሊዮን ዶላር ተነስቶ ከ11 ቢሊዮን ሲያልፍ ኮንግረሱ በ1993 ሰረዘው። 2 ቢሊዮን ዶላር ወጥቶ፣ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ዋሻ ተቆፍሮ ነበር። ያኔ ያነሰው ፊዚክስ አልነበረም። ቁጥሩን የነገሯቸውን ሰዎች ማመን ነው ያቃታቸው። አውሮፓም ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ከሰርን ዓመታዊ በጀት አንድ አምስተኛ ገደማ የምትሸፍነው ጀርመን በ2024 በመንግሥቷ ባለሥልጣን በኩል ለአዲሱ ማሽን ተጨማሪ መክፈል እንደሚከብዳት አስታውቃለች።

ጨለማ ቁስን መፈለግ ለሚፈልግ ደግሞ ርካሽ መንገድ ሞልቷል። ፌዘር የሚባለው ሙከራ ከአትላስ 480 ሜትር ርቆ፣ ቀድሞ ለሌላ ሥራ በተቆፈረ የጎን ዋሻ ውስጥ፣ በከፊልም ከትልልቆቹ መመርመሪያዎች በተረፉ መለዋወጫዎች ተገጣጥሟል። ርዝመቱ ጥቂት ሜትር ነው። ቀላልና ረጅም ዕድሜ ያላቸውን ስውር ቅንጣቶች ይፈልጋል። እነሱን ባያገኝም በ2023 በማጋጫ ማሽን የተፈጠሩ ኒውትሪኖዎችን ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ አይቷል፤ የታወቀውን ሌባ እጅ ከፍንጅ ያዘው ማለት ነው። በ2024 ሰርን ሺፕ የተባለ ሌላ የስውር ቅንጣት ሙከራ አጽድቋል። ኤል ኤች ሲ ራሱም ገና አላበቃም። ከ2026 እስከ 2030 ገደማ ያለው ጊዜ ለማሻሻያ የተያዘ ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከ 2040ዎቹ መጀመሪያ በሚሠራበት ዘመን መጀመሪያ ከታቀደለት አሥር እጥፍ ያህል መረጃ ይሰበስባል ተብሎ ይጠበቃል። አብዛኛው ግጭት ገና አልተከሰተም።

የሰርን አባል አገሮች በ2028 ለውሳኔ ሲቀመጡ ፊታቸው የሚቀርበው ሰነድ ወፍራም መሆኑ አይቀርም። ጨለማ ቁስ የሚለው ቃል በስንተኛው ገጽ ላይ እንደተጻፈ፣ ከጎኑም ዋስትና የለውም የሚል ዐረፍተ ነገር መኖር አለመኖሩን ቀድሞ ማየት የጋዜጠኞች ሥራ ይሆናል።